እንቁጣጣሽን በገዛ እጅ ሥራ መቀበል
ከሕፃናት ጋር ስለሚዘጋጅ የአዲስ ዓመት የቤት ጌጥ፤ ለመምህራንና ለክረምት ዕረፍት ተማሪዎች

የክረምቱ ዝናብ ሊያባራ ሲቃረብ ደጋውና ወይና ደጋው በቢጫ አበባ መሸፈን ይጀምራል። ጳጉሜን አልፎ መስከረም 1 ቀን ሲብት ዓመቱ አንድ ብሎ ይቆጠራል። ዕለቱ እንቁጣጣሽ ወይም ቅዱስ ዮሐንስ እየተባለ ይጠራል። የቤቱ ወለል በቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ በዋዜማው ችቦ ይበራል፤ ልጃገረዶች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው እየዘፈኑ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። በጎጃም ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለው ከአደይ ጋር ይጎነጉናሉ። ወንዶች ልጆች ደግሞ በወረቀት ላይ ፀሐይ፣ መልአክ፣ ወፍ ወይም አበባ ሥለው በማለዳ ለጎረቤት ያድላሉ። የተሰጠው ሥዕልም በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይከርማል።

እንግዲህ በአገራችን የበዓል ጌጥ ከሱቅ የሚገዛ ሳይሆን ከደጅ የሚለቀምና በእጅ የሚሠራ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያም በላይ ሠሪዎቹ በአብዛኛው ልጆች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሥራ ለልጅ ምን እንደሚያስተምር መግለጽና እንዴት ተደርጎ እንደሚሠራ በቅደም ተከተል ማሳየት ነው።

ሀ/ ነገሩ ለምን ያሳስባል?

በአሁኑ ጊዜ በከተሞች ብዙ ልጆች ለእንቁጣጣሽ ይዘው የሚዞሩት ራሳቸው የሣሉትን ሥዕል ሳይሆን በማተሚያ የተባዛ ወይም ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሥዕል ነው። አንዱ ልጅ ይዞት የመጣው ከሌላው ልጅ ሥዕል ጋር አንድ ዓይነት ነው። እንደዚህ ሲሆን ልጁ ሠዓሊ መሆኑ ቀርቶ ወረቀት አመላላሽ ይሆናል። ተቀባዩም ሥዕሉን ሳያይ ሳንቲም ሰጥቶ ያሰናብተዋል። ስጦታ የነበረው ነገር ወደ ንግድ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ልመና ይጠጋል።

ጉዳቱ በባህሉ ላይ ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ አበባ ለመሣል የግድ አበባውን ልብ ብሎ ማየት አለበት። ስንት ቅጠል እንዳለው፣ መሐሉ ከጫፉ በምን እንደሚለይ፣ ግንዱ ወዴት እንደሚያጎነብስ ይመረምራል። ይህ ልብ ብሎ የማየት ልማድ በኋላ በባዮሎጂም ሆነ በጂኦሜትሪ ክፍል የሚፈለገው ያው ችሎታ ነው። የተባዛ ሥዕል የሚያስቀረው ይህንን ነው።

እንቁጣጣሽ የሚውለው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ መሆኑን መርሳት አይገባም። ስለዚህ መምህሩ ሥራውን ማስተዋወቅ ያለበት ሰኔ ላይ፣ ተማሪው ለዕረፍት ከመሄዱ በፊት ነው። በቤትና በሰፈር የሚያሠራው ደግሞ የሁለተኛ ደረጃው ተማሪ ይሆናል። ታናናሾቹንና የጎረቤት ሕፃናትን ሰብስቦ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ቢያሠራቸው ለእነርሱ አስተማሪ፣ ለራሱም የክረምቱን ትምህርት የሚከልስበት ዘዴ ይሆንለታል።

ለ/ አበባውን ማወቅ

አደይ አበባ የሚባለው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። ቢደንስ በሚባለው ወገን ውስጥ የሚገኙ ከአንድ በላይ የሆኑ ዝርያዎች በዚሁ ስም ይጠራሉ። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ይህንን ወገን በሰፊው ካጠኑት አንዱ ናቸው። አደይ ኑግና ሱፍ ከሚመደቡበት ቤተሰብ ነው። የአደይንና የኑግን አበባ አጠገብ ላጠገብ አድርጎ የተመለከተ ሰው ዝምድናቸውን ለመረዳት አይቸገርም።

የዚህ ቤተሰብ ዋና ባሕርይ ይህ ነው፤ በተለምዶ አንድ አበባ የምንለው በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። ዙሪያውን እንደ ጨረር የተዘረጉት ቢጫ ቅጠል መሰል ነገሮች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አበባ ናቸው። መሐል ላይ ተጠጋግተው የሚታዩት ነጠብጣቦችም እንደዚሁ ናቸው። ፍሬ የሚያፈሩት በተለይ የመሐሎቹ ናቸው። ቢደንስ ማለት በላቲን ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የወጣው በብዙዎቹ ዝርያዎች ዘር ጫፍ ላይ ከሚታዩት ሁለት ሹል ነገሮች ነው።

አደይ በአብዛኛው ከዘር በቅሎ፣ በአንድ ወቅት አብቦና ዘርቶ የሚደርቅ ተክል ነው። ከዚህ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ይከተላል። ዘር ሳይጥል ከነሥሩ የተነቀለ አደይ ለከርሞ የሚተካው የለውም። ከተማ እየሰፋ ሜዳው በጠበበ መጠን የቀረው ቦታ ላይ ያለው አበባ በሙሉ ለበዓል ከተነቀለ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ልጆቹ የሚይዙት አበባ ያጣሉ። ስለዚህ ለሕፃናት የሚነገረው የመጀመሪያው ደንብ «አበባ በመቀስ ይቆረጣል እንጂ አይነቀልም፤ ከአንድ ቦታም ጥቂት ተቆርጦ ብዙው ለዘር ይቀራል» የሚለው መሆን አለበት።

የተቆረጠው አበባ ቶሎ እንዳይጠወልግ በማለዳ ቢቆረጥ፣ ግንዱ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ተደርጎ ቢቆረጥ፣ ውሃ ውስጥ የሚገቡት ቅጠሎች ቢራገፉና ውሃው በየቀኑ ቢለወጥ ይበጃል። ውሃ ውስጥ የሚበሰብስ ቅጠል ግንዱ ውሃ የሚስብበትን ቀዳዳ የሚደፍኑ ተሕዋስያንን ያራባል። ማስቀመጫው ታጥቦ የደረቀ ጣሳ ወይም ብርጭቆ ሊሆን ይችላል።

ሐ/ ሥዕሉን መሣል

ሕፃናቱን ወረቀት ሰጥቶ «አበባ ሣሉ» ማለት ብዙ አይጠቅምም። ብዙዎቹ ከዚህ ቀደም ያዩትን ሥዕል ደግመው ይሥላሉ እንጂ አበባውን አይሥሉም። የሚከተለው ቅደም ተከተል ይሻላል።

1ኛ/ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ እውነተኛ አበባ ይሰጥ። ለጥቂት ደቂቃ እርሳስ ሳይነካ ይመልከተው። ዙሪያውን ያሉትን ጨረሮች ይቁጠር። የጓደኛውም አበባ ቁጥሩ አንድ መሆኑን ወይም መለየቱን ያስተያይ።

2ኛ/ በመጀመሪያ የመሐሉን ክብ፣ ቀጥሎ ጨረሮቹን፣ በመጨረሻ ግንዱንና ቅጠሎቹን ይሣል። የአደይ ቅጠሎች ግንዱ ላይ ትይዩ ሆነው ፊት ለፊት የሚወጡ ስለሆነ ይህንን እንዲያስተውል ይደረግ።

3ኛ/ ከዚህ በኋላ ብቻ ፀሐዩን፣ ወፉን፣ መልአኩን ወይም ልቡ የፈቀደውን ይጨምር። እዚህ ላይ ታላቅየው እጁን መሰብሰብ አለበት። የልጁን ሥዕል አርማለሁ ብሎ የሚደርብበት ሰው ሥዕሉን የራሱ ያደርገዋል።

4ኛ/ ከጀርባው ልጁ በገዛ እጁ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ከነስሙ ይጻፍ። ገና መጻፍ የማይችለው የእጁን ቅርጽ በወረቀቱ ላይ ዙሪያውን ይሣል።

ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆኑ ሕፃናት ቀለም መቀባትና መለጠፍ፣ ከ7 እስከ 10 የሆኑት መሣልና ማጠፍ ይችላሉ። እሳትና ቢላዋ የሚነካው ሥራ የታላላቆች ድርሻ ነው።

መ/ ከማድ ቤት የሚገኝ ቀለም

ቀለም ለመግዛት አቅም የሌለው ቤት ሥራው ሊቀርበት አይገባም። አብዛኛው ቀለም ከማድ ቤት ይገኛል።

ቢጫ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የእርድ ዱቄት በግማሽ ሲኒ ለብ ያለ ውሃ ይበጠበጣል። እርድ በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ብሩሹ በተነከረ ቁጥር ይማሰል። ልብስ ላይ ከፈሰሰ በቀላሉ አይለቅም።

ቀይ፤ ቀይ ሥር ተፍቆ ወይም ተወቅጦ በንጹሕ ጨርቅ ይጨመቃል።

ቡናማ፤ የቡና አተላ እንደገና ተፈልቶ እስኪወፍር ድረስ እንዲተን ይደረጋል።

ጥቁር፤ ከሰል በሙቀጫ ደቆ ይነፋል፤ ወይም ከምጣድ ሥር ጥላሸት ይፋቃል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለም ዋና መሠረቱ ይኸው ጥላሸት ነው።

አረንጓዴ፤ የጎመን ቅጠል ተወቅጦ በጥቂት አልኮል ይዘፈዘፋል። የቅጠሉ አረንጓዴ ከውሃ ይልቅ በአልኮል የሚወጣ ስለሆነ ነው። አልኮል ግን ቶሎ በእሳት ይያያዛልና ይህ ከምድጃና ከችቦ ርቆ በትልቅ ሰው ብቻ ይሠራ።

እነዚህ ቀለሞች ወረቀቱ ላይ ደርቀው እንዳይራገፉ ማጣበቂያ ያስፈልጋቸዋል። ለዚህም የግራር ሙጫ በውሃ ሟሙቶ ጥቂት ይጨመራል። ይህ ከሌለ ትንሽ የእንቁላል አስኳል ይበቃል። ብሩሽ የሌለው የዶሮ ላባ ወይም ጫፉ ታኝኮ የተበጣጠሰ እንጨት ሊጠቀም ይችላል።

የኬሚስትሪ መምህር እዚህ ላይ ጥሩ አጋጣሚ ያገኛል። በእርድ የተቀባ ወረቀት ደርቆ የሳሙና ወይም የአመድ ውሃ ጠብ ቢደረግበት ቢጫው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ሎሚ ሲጨመቅበት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። የሳሙናና የአመድ ውሃ ቤዝ፣ ሎሚ ደግሞ አሲድ በመሆናቸው እርድ እንደ መለያ ወረቀት ያገለግላል ማለት ነው። ሕፃናቱ ይህንን እንደ ምትሃት ያዩታል፤ ታላላቆቹም ምክንያቱን እንዲያብራሩላቸው ይገደዳሉ።

ሌላም ሙከራ አለ። አምስቱም ቀለሞች በአንድ ወረቀት ላይ በመስመር ይቀቡና ግማሹ በካርቶን ተሸፍኖ ለአንድ ሳምንት ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ይቀመጣል። የእርዱ፣ የቀይ ሥሩና የቅጠሉ ቀለም ሲደበዝዝ ከሰሉ እንዳለ ይቀራል። እንግዲህ ሥዕሉ ዓመቱን ሙሉ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ከየትኛው ግድግዳ ላይ መስቀል እንዳለበት ከዚህ ይማራል።

ሠ/ የወረቀት አበባና የዱቄት ሙጫ

እውነተኛው አደይ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይጠወልጋል። አደይ በማይበቅልበት ቆላም ሆነ በውጭ አገር የሚያድጉ ኢትዮጵያውያን ልጆች ደግሞ ጭራሽ አያገኙትም። ለዚህ የወረቀት አበባ ጥሩ ምትክ ነው። ባለፈው ዓመት ደብተር ወረቀት ሊሠራ ይችላል።

ወረቀቱ በመጀመሪያ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ካሬ ይደረግ። ከዚያ ለሁለት ይታጠፍ፤ አሁንም በሌላው ጎን ለሁለት ይታጠፍና ትንሽ ካሬ ይሁን። እጥፋቶቹ ሁሉ የሚገናኙበት ማዕዘን የወረቀቱ መሐል ነው። ይህንን ማዕዘን ይዞ ካሬውን በሰያፍ አጥፎ ሦስት ማዕዘን ማድረግ ነው። ከመሐሉ በተቃራኒ ያለው ጫፍ ክብ ተደርጎ በመቀስ ይቆረጥ። ሲዘረጋ ስምንት ጨረር ያለው አበባ ይወጣል።

ስምንት የሆነበትን ምክንያት ተማሪው ራሱ ሊደርስበት ይገባል። በመሐሉ ዙሪያ ያለው ማዕዘን 360 ዲግሪ ነው። አንድ እጥፋት 180፣ ሁለት እጥፋት 90፣ ሦስት እጥፋት 45 ዲግሪ ያደርገዋል። 360 ለ45 ሲካፈል 8 ይሆናል። አንድ ጊዜ ተጨማሪ ቢታጠፍ 16 ይወጣል። ስድስት ጨረር የሚፈልግ ደግሞ አንድ ጊዜ አጥፎ ያገኘውን 180 ዲግሪ ለሦስት እኩል ማጠፍ ይኖርበታል። ሕፃኑ ከአበባው ላይ የቆጠረውን ቁጥር ለማግኘት ስንት ጊዜ መታጠፍ እንዳለበት ታላቅየው ያስላለት።

ለማጣበቂያ አንድ ሲኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ ጓጉሎ እስኪጠፋ ይበጠበጣል። ከዚያ አራት ሲኒ የፈላ ውሃ እየተጨመረ በለስላሳ እሳት ላይ ይማሰላል። ሲወፍርና ሲያንጸባርቅ ይወርዳል። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ሲሞቅ ውሃ ስለሚመጥና ስለሚያብጥ ነው የሚያጣብቀው። ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ ይሻግታልና በልክ መሥራት ይሻላል።

በዚህ ሙጫ አበቦቹን በቃጫ ገመድ ላይ ደርድሮ በበር መቃን ላይ ማንጠልጠል ይቻላል። በካርቶን ቀለበት ላይ ከለጠፏቸውም ጉንጉን ይሆናሉ።

ረ/ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ

ከጌጦቹ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግለው ልጆች የሣሉበት የቀን መቁጠሪያ ነው። በላዩ የልጁ ሥዕል፣ በታቹ አሥራ ሦስቱ ወራት ይሆናሉ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከማንም ሳይገለብጥ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። በባሕረ ሐሳብ ስሌት መሠረት መንገዱ እንደሚከተለው ነው።

በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል። ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ በሌሎቹ 5 ናት።

መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ለማግኘት ዓመተ ዓለሙና ለ4 ተካፍሎ የተገኘው ድርሻ፣ ቀሪው ሳይቆጠር፣ ይደመራሉ። ድምሩ ለ7 ይካፈላል። ቀሪው 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ያለ ቀሪ ከሆነ ሰኞ ነው።

ለምሳሌ 2019 ዓ.ም. እንውሰድ። 2019 ሲደመር 5500፣ 7519 ነው። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 3 ይቀራል፤ ስለዚህ ዘመነ ሉቃስ ነው። 7519 ሲደመር 1879፣ 9398 ይሆናል። ለ7 ሲካፈል 4 ይቀራል። ስለዚህ የ2019 መስከረም 1 ዓርብ ነው።

የቀሩትን ወራት መሙላት ቀላል ነው። ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነና 30 ለ7 ሲካፈል 2 ስለሚቀር፣ የሚቀጥለው ወር ሁልጊዜ ሁለት ዕለት ተሻግሮ ይጀምራል። መስከረም ዓርብ ከጀመረ ጥቅምት እሑድ፣ ኅዳር ማክሰኞ ይጀምራል። ሕፃናቱ ቁጥሮቹን ይጽፋሉ፤ በዓላቱን በቢጫ አበባ ምልክት ያደርጉባቸዋል።

ሰ/ ጥንቃቄ

ቄጠማ የሚበቅለው ረግረግና ወንዝ ዳር ነው። ጳጉሜን ደግሞ ወንዝ ገና ያልጎደለበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሕፃናት ቄጠማ ለማጨድ ብቻቸውን ወደ ወንዝ አይላኩ። በአንድ ዓመት በዓል ምክንያት የሚጠፋ ሕይወት ሊኖር አይገባም።

ልጆች የማያውቁትን ተክል እንዳይቆርጡ ይነገራቸው። በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር ሁለመናው መርዝ ነው። የቁልቋል ወተትም ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። አበባ ቆርጠው ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

የወረቀት ጌጥ ከሻማ፣ ከምድጃና ችቦ ከሚበራበት ቦታ መራቅ አለበት። በዋዜማው ምሽት ጌጡ የተንጠለጠለበት በር አጠገብ ችቦ አይለኮስ።

ሸ/ ሥዕሉን ማድረስ

ሥራው የሚፈጸመው ሥዕሉ ለሰው ሲሰጥ ነው። ልጁ በር አንኳኩቶ «እማማ፣ እንኳን አደረሰዎ» ወይም «አባባ፣ እንኳን አደረሰዎ» ብሎ በሁለት እጁ ይስጥ። ሰጥቶ እጁን ዘርግቶ መቆም ነውር መሆኑ ይነገረው። ሳንቲም ወይም ዳቦ ከተሰጠው አመስግኖ ይቀበል፤ ካልተሰጠውም ፊቱን ሳያጠቁር ይመለስ። ለመስጠት ብዙ ሥዕል ከማባዛት ጥቂት ሥሎ ለሚያውቃቸው ጎረቤቶች፣ በተለይም ልጅ አጠገባቸው ለሌለ አረጋውያንና ለታመመ ሰው ማድረስ ይበልጣል።

ከተቀባዩም የሚጠበቅ ነገር አለ። ከሳንቲሙ በፊት ሥዕሉን ይይ። «ይህቺን ወፍ የት አየሃት?» ብሎ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። ልጅ ሥራው መታየቱን ካወቀ ለከርሞ ፎቶ ኮፒ ፍለጋ አይሄድም።

መምህሩም ተማሪዎቹ በመስከረም ሲመለሱ ከሥራቸው ጥቂቱን በክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢሰቅል መልካም ነው። ነገር ግን እገሌ አንደኛ፣ እገሊት ሁለተኛ እያሉ ማርክ መስጠት አያስፈልግም። የሚመዘነው ሥዕሉ ማማሩ ሳይሆን ልጁ ያየውን ነገር ማሳየቱ ነው። ባለ ሰባት ጨረር አበባ የሣለ ልጅ ሰባት ቆጥሮ ከሆነ፣ ስምንት አድርጎ ካሳመረው ይልቅ ትክክል ሠርቷል።

የመወያያ ጥያቄዎችና መልመጃ

1. በሰፈራችሁ ካለ አንድ ሜዳ የሃያ አደይ አበቦችን ጨረር ሳትቆርጡ ቁጠሩ። በብዛት የተገኘው ቁጥር ስንት ነው? ውጤቱን በግራፍ አሳዩ።

2. የ2020 ዓ.ም. ዘመነ ማን እንደሆነና መስከረም 1 በምን ዕለት እንደሚውል አስሉ። (መልሱ ዘመነ ዮሐንስ፣ እሑድ ነው።)

3. በእርድ ወረቀት የሳሙናን፣ የሎሚን፣ የአመድ ውሃንና የኮምጣጤን ባሕርይ መርምራችሁ በሠንጠረዥ አስፍሩ።

4. የሰፈራችሁን አረጋውያን በልጅነታቸው የእንቁጣጣሽ ሥዕል በምን ቀለም ይሠሩ እንደነበረ ጠይቁ። ያገኛችሁትን ጽፋችሁ በመስከረም ለክፍላችሁ አንብቡ።